የሾፌሩ በር

የአባቷን አሮጌ ፔጆ ልታሳድስ ጋራዥ ካስገባችው ወዲህ ባትላሜራው ጋሽ ደርበው አላማሯትም። ከሌላው አካል ላይ አሮጌውን ስቱኮ ሁሉ ፍቀው ባዶ ቆርቆሮ ሲያስቀሩት፣ የሾፌሩን በር ግን ንክች አላደረጉትም።

«ይሄኛው ደህና ነው፤ ቀለም ብቻ ይበቃዋል» አሏት፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ዝገት ሸፍነው ሊያስረክቧት እንደሆነ ጠረጠረች። «እርስዎ ካልፈቁት እኔ እፍቀዋለሁ» ብላ መሮ አነሳች።

«ተይው ልጄ። ያኔ ስቱኮውን የቀባሁት እኔ ነኝ። አባትሽ ማንም እንዳይነካው ብለው አደራ ሰጥተውኛል።»

ይሄን ስትሰማ ጥርጣሬዋ ባሰ። ወፍራሙን ስቱኮ በመሮ ስትፈነቅለው እየተላቀቀ ወደቀ፤ ከሥሩም የጥይት ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። ያን ጊዜ ልቧ ተመለሰ። አባቷ በደርግ ጊዜ መንገድ ላይ ተኩሰውበት ለጥቂት መትረፉን እየሰማች ነው ያደገችው።

«ይሄንን ነው የደበቁኝ? እንዲያውም እንዲሁ እንዳለ ይቀመጥልኝ፤ ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ» አለች እየሳቀች።

ጋሽ ደርበው አንገታቸውን ደፉ።

ቀዳዳዎቹን በስስት ስትዳብስ አንዱ ጣቷን ቧጨራት። ጎንበስ ብላ አየችው። ቀጥላ ሌላውን፣ ከዚያም የቀሩትን አየች። የሁሉም ጠርዝ የተገለበጠው ወደ ውጭ ነበር። የተተኮሰው ከመኪናው ውስጥ ነው።