የዘካርያስ ጎረቤቶች

«ዘ፣ ካ፣ ር፣ ያ፣ ስ» አለች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ በጣቶቿ፤ ስሙን ስትፊድል ይህ ሰባተኛ ጊዜዋ ነው። ሙሴ በትር አለው፣ ጴጥሮስ ቁልፍ፣ ኢዮብ ክንድ ማከክ፤ መስማት የተሳናቸው ምእመናን ለነቢያቱም ለሐዋርያቱም የምልክት ስም አውጥተውላቸዋል። ለካህኑ ለዘካርያስ ግን እስከ ዛሬ ያወጣለት የለም። እሷ አምስቱን ፊደል አንድ በአንድ ለቅማ ስትጨርስ ሰባኪው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቀድሟታል።

የስብከቱን ጽሑፍ ረቡዕ ጠይቃው ነበር። «መንፈስ እንደመራኝ ነው የምናገረው፣ እህቴ» አላት። ሐሙስም ጠየቀችው። ዓርብ ስልኩን አላነሳም።

ፊት ለፊቷ አሥራ አንድ ሰዎች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የቆመችው የመስኮቱ ብርሃን እጆቿ ላይ በሚያርፍበት በኩል ነበር፤ አስተናባሪው «ካሜራውን ከለልሽው» ብሎ አነሳት። አሁን መስኮቱ ከጀርባዋ ሆኗል። ፀሐዩ የሰዎቹ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ እጆቿ ጥላ ብቻ ሆነውባቸዋል። ዳር የተቀመጠችው እናቷ ግንባሯን በመዳፏ ከልላ ነው የምታያት።

እናቷ ይህን አዳራሽ ከረገጠች አሥራ ስድስት ዓመት አልፏል። ያኔ አንድ አገልጋይ ሁለቱን ጆሮዎቿን ይዞ ጮኸባቸው፤ አልከፈት ሲሉት «እምነት ጎድሎሽ ነው» ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጣት። ዛሬ የመጣችው ልጇ ሦስት ወር ስለለመነቻት ነው። «አሁን ሌላ ሰው ነው የሚሰብከው፣ እማ። እኔም አለሁ።»

«መልአኩ ገብርኤል ምን አለው?» አለ ሰባኪው መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ። «ስላላመንህ ዲዳ ትሆናለህ አለው። አያችሁ ወገኖቼ፣ አለማመን ምላስ ይዘጋል። ስንቱ ነው ዛሬም ባለማመኑ ተዘግቶ የተቀመጠው።»

እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ለሃያ ዓመት ያልጣሰችው አንድ ሕግ አላት፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። አሁን ብታለዝበው ማንም አያውቅባትም። ያለውን እንዳለው አደረሰችው፤ ከዚያም የእናቷን ፊት ላለማየት ዓይኗን ኋላ ረድፍ ላይ ተከለች።

እናቷ እጇን አወዛወዘች። «እኔን እይኝ እንጂ» አለች በምልክት። «ሰውዬው ይሰማ ነበር ወይስ አይሰማም?»

«ዲዳ ነው ያለው፣ እማ። ቆዪ፣ እየሄደብኝ ነው።»

«የት ይሄዳል? መድረኩ ስድስት እርምጃ ነው።»

ሰባኪው ግን ሄዷል። ኤልሳቤጥ ወልዳለች፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ የሕፃኑን ስም ማን እንበለው ብለው አባቱን በምልክት ጠይቀውታል፣ አባቱም መጻፊያ አምጡልኝ ብሏል። አስተርጓሚዋ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረሰችበት።

«ቁሚ» አለች እናቷ። «በምን ጠየቁት?»

«በምልክት። እንደዚያ ነው የተጻፈው።»

«የሚሰማን ሰው ማን በምልክት ይጠይቃል? ይሄ ሰው የእኛ ነው። ጠይቂልኝ።»

አስተርጓሚዋ እጇን አወጣች። «ይቅርታ» አለች በድምፅ፣ በእናቷ ቦታ ሆና። «ጥያቄ አለኝ። ዘካርያስ ጆሮውም አይሰማም ነበር ወይ?»

ሰባኪው ዞር ሳይል መዳፉን ዘረጋ። «ጥያቄ መጨረሻ ላይ፣ እህቴ። መንፈሱን አናቋርጥ።»

ይህንንም አደረሰችው። ሌላ ምን ታድርግ?

«መጨረሻው ላይማ ምላሱ ይፈታል» አለች እናቷ። «ከዚያ ወዲያ ማን ያየናል?»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ተነሣች። በቃ፣ አለች አስተርጓሚዋ በልቧ፤ ሌላ አሥራ ስድስት ዓመት። ጥርሷን ነክሳ የሰባኪውን ቃል ማድረሷን ቀጠለች። እናቷ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። ወንበሯን እየጎተተች ብርሃኑ ወደሚያርፍበት፣ ካሜራው ፊት ወሰደችውና ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ከአሥሩ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ወደዚህ እዩ» አለች። «ይሄ ሰው ስንት ወር ሙሉ ሰፈሩን በእጅ ማውራት አስተማረ። ዳቦ ጋጋሪው ተማረ። ውኃ ቀጂዋ ተማረች። አማቱ እንኳ ተማረች፣ ልትሰድበው ስትል።» አንድ ሽማግሌ ጉልበቱን መታ። «ልጁ ሲወለድማ የቀረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ምላሱ ተፈታ፤ በማግስቱ ሁሉም ረሱት።» ቀጥላም ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አሳርፋ፣ በእነዚያው ጣቶች መዳፏ ላይ ጻፈች። አሥሩም ተከትለዋት ጻፉ። ዘካርያስ ስም ወጣለት።

ሳቁ ፈነዳ። የራሳቸውን ሳቅ ስለማይሰሙት ልክ አያበጁለትም፤ አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ሰባኪው ቆመ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ አስተርጓሚዋን።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ጉሮሮዋ ድረስ መጡ። ዋጠቻቸው። «እኔን አይጠይቁኝ» አለች። «እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ከመድረኩ ወረደ። «እናቴ» አለ በማይክሮፎኑ፣ ለእናቷ ጀርባ። ደገመው፤ ድምፅ ማጉያው አስተጋባ። በመጨረሻ ትከሻዋን ነካት። ስትዞር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ማይክሮፎኑን ብብቱ ሥር ወሸቀና «ምን?» ለማለት አምፖል እንደሚያጠብቅ ሰው ቀኝ እጁን አየር ላይ አሽከረከረ። አስተርጓሚዋ ሁለት እርምጃ ቀርባ ነበር፤ ለማንም ምንም ሳታደርስ ቆመች።

እናቷ እጁን አየችው። ከዚያ አንጓውን ይዛ፣ ምልክቱን ልታርምለት መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠችለት።