የደቻሳ ጠቋሚ

«ቤት ለቤት እየዞረ ልጆቹን ለሚጠይቀው ኮሚቴ እኔ አለሁ!» አለ ደቻሳ ከመቀመጫው ተነስቶ። ዓለም ገና ከተማ ውስጥ፣ በቤታቸው በዱላ መንፈሳቸው ለተጎዳባቸው ልጆች የተቋቋመው የሰፈር ማኅበር በጎ ፈቃደኞቹን እየደለደለ ነበር።

«ኦቦ ደቻሳ፣ እርስዎን ድንኳንና ወንበር ላይ ይዘንዎታል እኮ» አለች ሰብሳቢዋ ነርስ።

«ወንበር! በእድሩም አሥራ አምስት ዓመት ወንበር ተሸክሜያለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ልጅ ማጽናናት አያውቅም አሏችሁ?»

«ወንበሩ ያለ እርስዎ መቼ ይቆማል፣ ጋሼ!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ። ይቺን ሳቅ ደቻሳ ከድሮም ያውቃታል።

«እሺ፤ ግን ራስን መጠቆም የለም። ጠቋሚ አለዎት?»

ደቻሳ ኮራ ብሎ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጁ ዞረ። ፀደንያ ዛሬ አድጋ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ እንደምትጠቁመው ጠዋት ቃል ገብታለታለች። «በይ እንጂ!» ብሎ ትከሻዋን ሊነካ እጁን አነሳ።

እጁ ከፍ ሲል ፀደንያ በያዘችው ደብተር ፊቷን ጋርዳ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች።

ለአፍታ ብቻ ነበር። ወዲያው ቀና ብላ፣ «አባቴን እጠቁማለሁ» አለች።

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢዋም ደጋፊ አልጠየቀችም።

«ወንበሩ ላይ ጻፉኝ» አለ ደቻሳ። እጁን ግን ገና አላወረደም ነበር።