በር ላይ የወለቀ ጫማ

ሰሞኑን ማታ ማታ ለልጄ ለሮሆቦት የባሕር ወንበዴዎች ተረት ከራሴ እየፈጠርኩ እነግራታለሁ። ሦስት ወንበዴዎች ከወታደር ሸሽተው ደሴት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ቤተ ክርስቲያን ነውና ቦት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ከዚያ አልፌ አላውቅም። ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ ስለምውል እዚያ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል።

«አባዬ፣ መቼ ነው የሚወጡት?»

«ነገ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የወጣነው መጨረሻ ነው፤ ፓርኪንጉ ባዶ ሆኗል። የጫማ መደርደሪያው ላይ ከእኛ ጫማ ጎን ሦስት ጥንድ ረጃጅም ቦት ጫማ ተቀምጧል። ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሥሩ ነጭ አሸዋ ተጠራቅሟል። ዳላስ ዝናብ ካየች ወር አልፏታል።

ቁልፍ የሚይዙት ጋሽ ኃይለ መስቀል ተነጫነጩ። «የማን ነው ይሄ? በየሳምንቱ ወለሉን ያረጥብብኛል! ውስጥ እንደሆነ ማንም የለም፤ አሁን ዞሬ ቼክ አድርጌ መጣሁ።» በሩን ቆለፉት።

ሮሆቦት እጄን ሳብ አደረገችኝ። «አባዬ፣ ደክሟቸዋል። ዛሬ ጨርስላቸው።»

ከተቆለፈው በር ጀርባ አንድ የደከመው የወንድ ድምፅ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለኝ።