የሃርኮምብ ወራሽ

የሃርኮምቡ መስፍን፣ ኧርሉ፣ ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ማዕረጉን ለታላቁ ልጃቸው ለክሪስፒን የሚያጸናው ወረቀት ሐሙስ ወደ ለንደን ይሄዳል።

እናቱ ኦገስታ እንቅልፍ አጥታለች። ክሪስፒን የተወለደው ከሠርጓ ሦስት ወር ቀድሞ ነው። በአገሩ ሕግ ደግሞ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ልጅ፣ ወላጆቹ ኋላ ቢጋቡም፣ ማዕረግ አይወርስም፤ ለታናሹ ያልፋል። ነገሩን ከእሷና ከሟቹ በቀር የሚያውቀው በባሕሩ ጠረፍ ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት ታናሹ ልጇ ፒርስ ፈረሱን ጭኖ ወደዚያው ጠረፍ ሄደ።

«ምን ፍለጋ ነው?» አለች ኦገስታ።

«እኔ ምን አውቄ እመቤቴ» አለች ገረዷ ሄስተር። «ብቻ የኪስ ቢላቸውን ሲስሉ አይቻለሁ።»

ረቡዕ ምሳ ላይ ተመለሰ።

«ጌታው፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ምን ስትዶልት ከረምክ?» አለ ክሪስፒን እየሳቀ። «ማዕረጌን ልትሞጨልፍ ነው እንዴ?»

ፒርስ አልሳቀም። እጁ ከደረት ኪሱ አልተነሳም። «እማዬ፣ ዛሬውኑ ለብቻሽ ላናግርሽ» አለ።

ኦገስታ ክሪስፒንን አየችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ጌታዬ» እየተባለ የኖረ ልጅ፣ ነገ ዲቃላ ሊባል ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ አትክልተኛው ጎጆ ወረደች። የተርብ መግደያው ነጭ ዱቄት መደርደሪያው ላይ ነበር። ስትወጣ መደርደሪያው ባዶ ነው።

በአሥር ሰዓት ሻይ ቀረበ። ወበቁ ያፍናል፤ ሄስተር ግን ምድጃው ፊት ተንበርክካ እሳት ታቀጣጥላለች።

«አበድሽ? በዚህ ሙቀት?»

«ጌታ ፒርስ ናቸው ያዘዙኝ እመቤቴ። እኔም በላብ ማለቄ ነው።»

«በቃ ሂጂ። ዛሬ የምቀዳው እኔ ነኝ።»

ፒርስ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ስኳር አብዝቼበታለሁ» ብላ ስኒውን አቀበለችው።

«ዛሬስ ምን ታየ? ለኔ በእጅሽ ቀድተሽልኝም አታውቂ» አለ፤ ደስ አለውና ጨለጠው።

«መዝገቡን አየኸው?»

«አየሁት። አባዬ ሊሞት ሲል ነው የነገረኝ።» ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የሠርጓን ቀን ከተቀመጠችበት ለየችው።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

ፒርስ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን እሳቱ ውስጥ ጨመረው፤ አመድ እስኪሆን ጠበቀ።

«ከእንግዲህ ክሪስፒንን ማንም አይነካብሽም። አይዞሽ እማዬ» አለና ባዶውን ስኒ ዘረጋላት፤ «እስቲ ድገሚኝ።»