በእጅ ጀርባ የሚለካ ባትሪ

የላፕቶፑ ዘጠነኛ ብሎን ወጥቷል። የቀረው አሥረኛው፣ በባትሪው በኩል ባለው ጥግ ላይ ነው። ባለሙያዋ እሱን ከመንካቷ በፊት አሸዋ የሞላውን ባልዲ በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ታስጠጋለች። ያበጠ ባትሪ ሳይታሰብ ሊጨስ ይችላል። ዘንድሮ ብቻ አርባ ያህሉን ከዚህ ጠረጴዛ ወደዚያ ባልዲ አሻግራለች፤ አብዛኞቹ አራት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ይሄኛው ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ማሽኑን ያመጣችው ልጅ ከጎን ቆማለች። አባትየው ነጭ በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ጆሯቸውን ወደ ብሎን መፍቻው አዘንብለው ተቀምጠዋል። ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። አሁን ሰዎች የቀዱትን ንግግር እያዳመጡ በዚህ ላፕቶፕ ይጽፋሉ፤ ማሽኑም የጻፉትን መልሶ በድምፅ ያነብላቸዋል።

ልጅቱ እሑድ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ያረጀ ባትሪ ቤት እንዳቃጠለ ከሰማች ወዲህ ግን እንቅልፍ የላትም። አብጦ ከተገኘ፣ ለዚህ ያረጀ ማሽን ምትክ ባትሪ ስለማይገኝ፣ ማሽኑ እዚሁ ይቀራል፤ እሷም አባቷን ብቻቸውን ትታ አትሄድም። ይህን በሩ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ለባለሙያዋ የነገረቻት። ሠላሳ ዓመት በጆሯቸው የኖሩ ሰው ግን ሹክሹክታ አያመልጣቸውም። ከገቡ ጀምሮ በትሩን እንደጨበጡ ናቸው።

ቅድም ባለሙያዋ ማሽኑን ስታበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖባት፣ ይሄማ ስክሪኑም ሄዷል ብላ ነበር።

«አልሄደም፣ ልጄ» አሏት አባትየው። «ለማን ብሎ ይብራ?»

ለካ የስክሪኑን ብርሃን ማሽኑ ከተገዛ ማግስት ጀምሮ አጥፍተውታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጨለማ ነው የጻፉት።

አሥረኛው ብሎን ይወጣል። ክዳኑ ይነሳል።

የባለሙያዋ እጅ ባለበት ይቆማል። ባትሪው ከማሽኑ ሆድ ጋር በሙጫ እንደተጣበቀ፣ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ተኝቷል። የብረት ማስመሪያዋን በጠርዙ አቁማ በላዩ ላይ ታጋድምና ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ታያለች። በማስመሪያውና በባትሪው መሃል ክር የምታህል ብርሃን አታልፍም። ማሽኑን ከራሷ ስክሪን ጋር ታገናኘውና ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ዛሬ ስንቱን እንደሚይዝ ትጠይቀዋለች። ከመቶ ዘጠና ሦስት። ተሳስቶ ይሆናል ብላ ደግማ ትጠይቀዋለች። ዘጠና ሦስት።

የዘጠኝ ዓመት ባትሪ እንዲህ ሆኖ ገጥሟት አያውቅም። ይህን ሥራ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«አባባ» ትላለች ቀስ ብላ፣ «ምን አድርገውት ነው?»

አባትየው እንደ ማፈር ይላሉ። ባለሙያን ማስተማር ነውር ነው ብለው ትንሽ ያቅማማሉ። ከዚያ እንዲህ ነው ይሏታል፤ ተርባ ስትሰካ ትሞቃለች፣ ልትጠግብ ስትል ሙቀቷ መውረድ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እነቅላታለሁ። ቁንጣን እስኪይዛት አላስበላትም፣ ባዶ ሆዷንም አላሳድራትም። በሙቀት ወራት አልጋ ላይም ትራስ ላይም አትወጣም፤ እንደ ድመት ሲሚንቶው ላይ ትተኛለች።

«ባትሪ እንደ ሰው ነው፣ ልጄ። ረሃቡም ጥጋቡም ይገድለዋል።»

«እሷ እኮ ትናገራለች፣ አባዬ» ትላለች ልጅቱ። «ስንት እንደደረሰች ብትጠይቃት ትነግርህ የለ?»

«ለመጠየቅ ብዬ ልቀስቅሳት?»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ አሁንስ ስንት ላይ ያለች ይመስልዎታል ትላቸዋለች። አባትየው የእጃቸውን ጀርባ ከማሽኑ ጎን ያሳርፋሉ፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ጠዋት ሰማንያ ላይ ነቅለዋታል። አሥራ ሁለት ገጽ ጽፈዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ሰባ አንድ።»

ባለሙያዋ ወደ ስክሪኗ ትዞራለች። ሰባ አንድ። ልጅቱም አይታዋለች። ሁለቱ ሴቶች ይተያያሉ።

ባለሙያዋ ክዳኑን ትመልሳለች፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ታጠብቃለች። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ለልጅቱ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ይሄ ባትሪ እኔንም አንቺንም ይቀብራል፣ እሑድ ሂጂ ትላታለች። ባልዲውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ትገፋዋለች። አባትየው አሸዋው ሲንሸራተት ይሰማሉ። በትሩን ጨብጠው የነበሩት ጣቶች ይላላሉ።

የቀረው ስክሪኑን ማየት ነው፤ ለወጉ ያህል። ባለሙያዋ የብርሃኑን ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች።

ጥቁሩ ይገፈፋል። እንዲህ ያለ ነጭ አይታ አታውቅም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ያልተጠቀመበት ብርሃን አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። በብርሃኑ መሃል ሁለት ሰዎች ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። አባትየው አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ፣ ልጅቱ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጥላ። በመጀመሪያ ደሞዟ ማሽኑን የገዛችላቸው ዕለት ራሷ ያስቀመጠችው ፎቶ ነው። ረስታው ነበር።

የቁልፉ ድምፅ ሲቆም አባትየው ጆሯቸውን ወደ ሁለቱ ያዞራሉ።

«ምን አያችሁ?»

«እኛን» ትላለች ልጅቱ።

አባትየው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ማሽኑ ይመልሳሉ።

«ሞቅ ብላለች።»

ብርሃኑ ነው፣ አሁን አጠፋዋለሁ ትላለች ባለሙያዋ፤ ጣቷም ወደ ቁልፉ ይሄዳል።

«ተዪው» ይላሉ። «ዛሬ ትብራ።»

እጃቸው ከማሽኑ ጎን ተነስቶ፣ ሙቀቱን እየተከተለ ወደ ስክሪኑ ይወጣል። ጥቂት ይፈልግና አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የእጃቸው ጀርባ ያረፈው፣ ሳያውቁት፣ በልጃቸው ግንባር ላይ ነው።