እንደ ወፍጮ የሚጮኸው መጋዝ

በስድሳ ስድስቱ ረኀብ አካሉ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱትን አሮጌ የድንጋይ መጋዝ ቤቱ ውስጥ ፈታትቶ ይጠግን ነበር። መጋዙ ከሠራ አንድ የወግዲ ነጋዴ በገብስ ለውጦ ሊወስድለት ቃል ገብቷል፤ ሚስቱ ሸዋረግ ከአልጋ መነሣት ከተሳናት ደግሞ ሰነባብቷል።

ዝገቱን ፈግፍጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ከሰዓት በኋላ ስመ እግዚአብሔር ጠርቶ እጀታውን ቢያዞረው ክቡ ምላጭ ለሙከራ ያስቀመጠውን ድንጋይ ያዘ። ድምፁ ቁርጥ የእጅ ወፍጮ ነው። በመንደሩ ወፍጮ ከተሰማ ወራት አልፈዋል።

ወዲያው ጎረቤቱ ቸኮል ገበታ ይዞ ከበሩ ደረሰ።

«እህል አገኛችሁ እንዴ፣ ጋሼ አካሉ?»

«የምን እህል! ድንጋይ ነው የምፈጨው። ልቆንጥርልህ?»

ቸኮል ሳቅም እፍረትም ይዞት ተመለሰ። አካሉ በሩን ዘግቶ ማዞሩን ቀጠለ።

እንደገና ተንኳኳ።

«ድንጋይ ነው አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ለእኔም እፍኝ ዱቄት አትንፈጉኝ፣ አካሉ።»

እጀታውን ለቀቀ። ድምፁ የጎረቤታቸው የይርገዱ ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት ከቸኮል ጋር ተሸክመው የቀበሯት የይርገዱ።

በበሩ ሥር ባዶ ሰፌድ፣ ጠርዙ ላይ እርጥብ አፈር እንደተጣበቀበት፣ ቀስ ብሎ ገባ።

ከኋላው የጠፍር አልጋው ሲንቋቋ ሰማ። ሸዋረግ ልትከፍትላት ተነሥታለች።