አንድ ምት ለእኛ

«ጌታዬ፣ ከፈለጉ ይስቀሉኝ እንጂ ከዚህች ሌባ ጋር አያስሩኝ!» ሄስተር በለንደኑ እስር ቤት ግቢ ጮኸች። ወደ ባሕር ማዶ ግዞት የሚጫኑት ሴቶች እግራቸው ለሁለት ለሁለት እየተቆራኘ ነበር፤ የተቆራኙት በአንድ መርከብ ይሄዳሉ።

«አንቺስ እዚህ የገባሽው ለጸሎት ነው?» አለች ፊቢ። «ኧረ ጌታዬ፣ ይህቺ ስታንኮራፋ ጣራ ይነሣል!»

ጠባቂው ሰው ማናደድ ነፍሱ ነውና ሁለቱን ጎትቶ አንጥረኛው ፊት አቆማቸው። «በሉ ሰባት ዓመት ተናከሱ!» ብሎ እየሳቀ ወደ ሌሎቹ ሄደ። ሄስተር ፊቷን እንዳጨፈገገች ነበር፤ በቀሚሳቸው እጥፋት መሐል ግን የፊቢን ጣት ጨብጣለች።

ስኮትላንዳዊው ሽማግሌ አንጥረኛ የእግር ብረታቸውን መትቶ ሲጨርስ እጃቸውን አየ።

«በእኛ አገር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከወላጅ ተደብቀው የሚጠፉ ፍቅረኞችን የሚያጋባው አንጥረኛ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ አንዴ ከመታ በቃ፣ ባልና ሚስት ናቸው።»

ፊቢ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሄስተር ግን ትዕግሥት አልነበራትም።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ፣ አባቴ? እስካሁን የመቱት ለብረቱ ነው፤ አንድ ለእኛ ይምቱልን እንጂ!»

ሽማግሌው መዶሻውን አንሥቶ ባዶውን መስፍ ግቢው እስኪያስተጋባ መታው።

«ጠበቅ አድርግልኝ!» አለ ጠባቂው ከወዲያ።